ዳገት የምትጠላው የአባቴ ፒክ አፕ

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋችብን ሽሮ ሜዳን አልፈን፣ የሐበሻ ልብስ ሱቆቹን ከኋላችን ትተን፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ስንያያዘው ነበር። እሁድ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ። ልጆቼ እንጦጦ ፓርክ ደርሰው ፈረስ ላይ ለመውጣት ቸኩለዋል። እናቴ ምሳችንን በአገልግል ይዛለች። መሪውን የያዘው አባቴ ነው። ሞተሩ እንደሚያስነጥሰው ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ተንገጫገጨ፤ አባቴ ነዳጅ ሲጨምርለት ባሰበት፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ከኋላችን የነበረ ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀብን። ባለቤቴ ዘሎ ወርዶ ጎማው ስር ድንጋይ ሸጎጠ።

ኮፈኑ ተከፈተ። እዚህ ከተማ ውስጥ ኮፈን ከተከፈተ መካሪ እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። አንድ መንገደኛ ጠጋ ብሎ «የነዳጅ ፓምፑ ሞቆ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት» አለን። ልጆቹ ከያዙት ውሃ ጨርቅ አርሰን አለበስነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተን ቁልፉ ሲዞር መኪናዋ ምንም እንዳልነካት ሁሉ ተነሳች። ሰውየውን መርቀን መንገዳችንን ቀጠልን። ፓርኩም ተደረሰ፣ ፈረሱም ተጋለበ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ግን እዚያው ዳገት ላይ ሦስት ጊዜ ቆማለች።

መኪናዋ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ የተሠራች ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ካርቡሬተር አላት፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አታውቅም። እኔንና ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ያመላለሰችን፣ የሠርጌን ድንኳን የተሸከመችው እሷ ናት። «ለምን አትሸጣትም?» የሚለውን ጥያቄ አባቴ ለዓመታት ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ መልስ አግኝቷል፦ «እሷን ሸጬ ምን ልገዛ?»

ሁሉም መድኃኒት ይሠራ ነበር

ያሳሳተን ይህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትቆም አንድ የታክሲ ረዳት የነዳጅ ማጣሪያውን (ፊልትሮውን) ፈትቶ በአፉ ነፋው፤ ተነሳች። ሰኞ ጋራዥ ስንወስዳት «ፓምፑ ደክሟል» ተባልንና አዲስ ፓምፕ ተገዛ። ዋጋው ከአንዱ ልጄ የወር ትምህርት ቤት ክፍያ በለጠ። አንድ ሳምንት ሙሉ በመገናኛ፣ በኮተቤ፣ በቦሌ ያለ አንዳች እንከን ሄደች። አባቴ «አየሽ!» አለኝ። በቀጣዩ እሁድ ቁስቋም አካባቢ ስንደርስ ጠፋች። ሦስተኛው መካሪ «ካርቡሬተሩ ቆሽሿል» አለ፤ ዊልቸር የሚያህል ድንጋይ ጎማው ስር አድርገን እስኪጠርገው ጠበቅን፤ ተነሳች። ጋራዡ ደግሞ ካርቡሬተሩን አጥቦ ሲመልስልን «በሚቀጥለው ሙሉውን መቀየር ነው» ብሎ አስጠነቀቀን።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ፣ ሰው በራሱ ጊዜ ሊሻለው የነበረውን ጉንፋን ሽሮፑ አዳነኝ ብሎ እንደሚያምን በሥራዬ አውቀዋለሁ። እርጥብ ጨርቁ፣ የተነፋው ፊልትሮ፣ የተጠረገው ካርቡሬተር፣ ሁሉም አንድ የጋራ ነገር ነበራቸው፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃሉ። መኪናዋን ያስነሳት ሩብ ሰዓቱ ይሁን መድኃኒቱ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

አራተኛው ቀን ከሁሉም የከፋ ነበር። አንድ ወጣት ሊረዳን መጣ። በሃይላንድ ቤንዚን ይዟል። የካርቡሬተሩን አፍ ከፍቶ ቤንዚኑን እያፈሰሰበት «አስነሳው!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩ ወደ ኋላ ተኮሰ፤ ክንድ የሚያህል ነበልባል ከካርቡሬተሩ ወጣ። የስድስት ዓመቱ ልጄ ከአያቱ ጎን ሆኖ አንገቱን ወደ ሞተሩ አስግጎ ነበር። አባቴ በአንድ እጁ እሱን ጎትቶ በሌላው እርጥቡን ጨርቅ ወረወረበትና እሳቱ ጠፋ። የወጣቱ ቅንድብ ጫፍ ከመለብለቡ በቀር ማንም አልተጎዳም። እናቴ እቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ስንገባ ብቻ «ይህቺ መኪና ከዛሬ ጀምሮ የልጅ ልጆቼን አታሳፍርም» አለች። በዚያው ሳምንት አባቴ ደላላ ማነጋገር ጀመረ። ለብዙ ዓመት ያልሰማውን ምክር በመጨረሻ ሰማ፤ ፊቱን ሳየው ግን ደስ አላለኝም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ጎረቤታችን ጋሼ በአሰብ መንገድ ብዙ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደላላው ሲመላለስ አይተው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ምኗ ተበላሸ አላሉም። ሦስት ነገር ጠየቁ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው? ያን ሰሞን መኪናዋ ላይ ምን ተነካ? ከጠፋች በኋላ ስንት ደቂቃ ቆማ ነው የምትነሳው?

«ምንም አልተነካም» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። አንድ ነገር ተነክቶ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አባቴ ማደያ ላይ ቤንዚን ቀድቶ የታንከሩን ክዳን እዚያው ረስቶት መጥቷል። በምትኩ ከመለዋወጫ ሱቅ ቁልፍ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ፣ ግጥም የሚል ክዳን ገዛን። ሁላችንም ከአሮጌው ይሻላል ብለን ነበር።

ጋሼ ሳቁ። «በይ እሁድ እኔም እሄዳለሁ» አሉኝ።

የሳቁበትን ምክንያት ለመረዳት ቤንዚን ከታንከር እስከ ሞተር እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ይበቃል። ነገሩ ከቤታችን ሮቶ ብዙም አይለይም። ካርቡሬተሩ ውስጥ ጥቂት ሲኒ ቡና የሚያህል ቤንዚን የምትይዝ ጎድጓዳ አለች። እዚያ ውስጥ እንደ ሮቶው ሁሉ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን በመርፌ ይዘጋዋል፣ ሲጎድል ወርዶ ይከፍተዋል። ሞተሩ የሚጠጣው ከዚህች ጎድጓዳ ነው። እሷን የሚሞላት ፓምፑ ነው። ፓምፑ በእንደዚህ ያሉ አሮጌ መኪኖች ላይ ሞተሩ ላይ የተገጠመ፣ በሞተሩ በራሱ ዙረት የሚሠራ፣ ውስጡ ዲያፍራም የሚባል ላስቲክ ያለው ትንሽ ዕቃ ነው። ከኋላ ካለው ታንከር ቤንዚኑን እንደ ሕፃን በስትሮ ስቦ ያመጣል። የዛሬ መኪኖች ፓምፓቸው ታንከሩ ውስጥ ተቀምጦ በኃይል ይገፋል፤ የድሮዎቹ ይስባሉ። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም።

ከታንከሩ ቤንዚን በወጣ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። በቆርቆሮ የሚሸጥ ዘይት ስንከፍት እናቶቻችን ሁለት ቀዳዳ የሚበሱት ለዚህ ነው፤ አንዱ ለዘይቱ፣ ሌላው ለአየሩ። አንድ ብቻ ከበሳን ዘይቱ እየተንተከተከ ይቸግራል። የመኪናዋ የድሮ ክዳን አየር ወደ ውስጥ የምታስገባ ትንሽ መተንፈሻ ነበረችው። የሚያብረቀርቀው ክዳን የለውም። ፓምፑ እየሳበ፣ እየሳበ፣ ታንከሩ ውስጥ አየሩ ይሳሳል፤ በመጨረሻ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሲብስ የቆርቆሮ ታንከር ወደ ውስጥ እስከመጨማደድ ይደርሳል። መኪናዋ ስትቆም ግን አየር በየስንጥቁ ቀስ እያለ ይገባና በሩብ ሰዓት ውስጥ ነገሩ ይስተካከላል።

ታዲያ ለምን ከተማ ውስጥ አትጠፋም? ሜዳ ላይ ሞተሩ የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ቆመት መጥፋትና መነሳትም ይበዛዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጣ ግን ስድስት ሰው ጭኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ነው፤ ጎድጓዳዋ ከምትሞላው ፈጥና ትጎድላለች። እዚህ ላይ አባቴን እስካሁን የሚያበሽቀው አንድ ነገር ተጨመረ። «ዳገት ላይ ነዳጅ እንዳያጥራት» እያለ እንጦጦ ከመውጣታችን በፊት ሁልጊዜ ታንከሩን ጢም አድርጎ ይሞላ ነበር። ታንከሩ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው የአየር ቦታ ትንሽ ነው፤ ትንሽ አየር ደግሞ ቶሎ ይሳሳል። ጥንቃቄው ነው ፈጥኖ ያስቆመን።

በነገራችን ላይ ነዳጅ ዳገት ላይ ማቆም የጀመረው የእኛ መኪና አይደለም። ፎርድ በ1908 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሞዴል ቲ ጭራሽ የነዳጅ ፓምፕ አልነበረውም። ታንከሩ ከወንበሩ ስር ስለነበር ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ጥቂት ነዳጅ ይዞ ቀጥ ያለ ዳገት ሲያጋጥም ታንከሩ ከካርቡሬተሩ ዝቅ ይልና ሞተሩ ይጠማል። የዚያ ዘመን ሹፌሮች መፍትሔ መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ ዳገቱን መውጣት ነበር። ይህን ለአባቴ ስነግረው ሽሮ ሜዳ ላይ ልንሞክረው እንደምንችል በቁም ነገር አሰበ።

ፉት ያለው ድምፅ

እሁድ ጋሼ ከፊት ተቀመጡ። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር እቤት ቀሩ። ታንከሩ በጋሼ ትእዛዝ ሙሉ ነው። ያዘዙን ሌላ ነገር ቢኖር መኪናዋ ስትጠፋ ማንም ኮፈን እንዳይከፍት ነው። ቁስቋም አካባቢ እንደልማዷ አስነጠሳት፣ ጠፋች። ባለቤቴ ድንጋዩን ሸጎጠ። ጋሼ ወርደው በቀጥታ ወደ ታንከሩ ክዳን ሄዱና «ነይ፣ ጆሮሽን አስጠጊ» አሉኝ። ክዳኑን ሲያላሉት ቡና ፉት እንደሚል ሰው ረዥም ድምፅ ተሰማ፤ አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ። ወዲያው «አስነሳ!» አሉ። ሞተሪኖው ትንሽ እንደዞረ ተነሳች። ሩብ ሰዓት አልጠበቅንም፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ለእኔ ያቺ አንድ ደቂቃ ከተገዛው ፓምፕ ትበልጣለች። ሌሎቹ መድኃኒቶች በሙሉ ከመጠበቅ ጋር ተደባልቀው ነው የተሞከሩት፤ ይህ ብቻውን ተሞከረ። ጋሼ በዚህም አልበቃቸውም። ለመመለሻ መተንፈሻ ያለው ክዳን ተፈልጎ ተገጠመና በማግሥቱ ያንኑ ዳገት፣ ያንኑ ያህል ነዳጅ ይዘን እንደገና ወጣን። እንጦጦ ማርያም ደርሰን ተመለስን። አልጠፋችም። (ክዳኑን አላልቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ቤንዚን ይረጫል፣ ይተናል፣ ለእሳት ያጋልጣል።)

ተራራው ራሱም ድርሻ አለው

መስቀል አደባባይ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ ያለው የጠፈር ምርምር ጣቢያ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 30 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ሯጮቻችን ለልምምድ የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ለወፍራም አየር የተለካ ቤንዚን ለሳሳ አየር ይሰጣል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ጤነኛ አሮጌ መኪናም እዚያ ላይ ከጉልበቷ ብዙ ታጣለች። ስለዚህ እንጦጦ ላይ «ደከመች» እና «ጠፋች» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው የተራራው ነው፣ ሁለተኛው የመኪናዋ። ካርቡሬተሩን እንጦጦን ብቻ አስቦ ማስቀጠንም አደጋ አለው፤ ያው መኪና ወደ አዋሽ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

የመጀመሪያው መንገደኛ ስለ ሙቀት የተናገረውም ከንቱ አልነበረም። ደጋ ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ፣ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል እንደሚዘገይ ባለሙያ እናቶች ያውቁታል። ቤንዚንም እንዲሁ ነው፤ አየር በሳሳ ቁጥር በቀላሉ ይፈላል። በጋለ ሞተር አጠገብ ቱቦው ውስጥ ከፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፓምፑም አረፋ መሳብ አይችልም። ያ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ በእርግጥ ይረዳል። መለያው፦ ክዳኑን ስንከፍት ድምፅ ከሌለ፣ ሞተሩ ደግሞ በጣም ግሎ ከሆነ፣ ወደዚያ መጠርጠር ነው።

ክዳኑ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ቀጥለው የሚያዩት ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለውን የላስቲክ ቱቦ እንደነበር ነገሩኝ። ይህንን ብዙ መካኒክ ይዘለዋል ይላሉ፤ ምክንያቱም አያንጠባጥብም። በሚስብ ቱቦ ላይ ያለ ስንጥቅ ቤንዚን አያፈስም፣ አየር ያስገባል። ደረቅ ሆኖ ይታያል፣ ሞተሩ ግን ይጠማል። እድሜ ብቻ አይደለም የሚሰነጥቀው። ከ2001 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ከስኳር ፋብሪካዎቻችን የሚወጣ ኢታኖል ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ቆይቷል፤ ኢታኖል ደግሞ ለእሱ ያልተሠሩ የድሮ ላስቲኮችን ያበላሻል፣ ውሃም ይስባል። ቱቦና ማሰሪያ ርካሽ ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሳይጠይቅ ቢቀይረው አይከስርም። ከዚያ ፊልትሮው ነው፤ ንፋ ሳይሆን ቀይር። ከዚያ ፓምፑ። ካርቡሬተሩ መጨረሻ ላይ ነው። በአንዳንድ የሃይሉክስ ካርቡሬተሮች ላይ የጎድጓዳዋን ቤንዚን ከውጭ የምታሳይ ትንሽ መስታወት አለች፤ መኪናዋ በጠፋችበት ቅጽበት መስታወቷ ቤንዚን ካሳየች ጥፋቱ የነዳጅ አይደለምና ወደ ቦቢናና ካንዴላ መሄድ ነው። እኛ ጋራዥ ስንሄድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ከውዱ ተጀመረ። ተንኮል ነው አልልም፤ መኪናዋ ጋራዡ ደጃፍ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ጤነኛ ሆና ነበርና ምን ያድርጉ? የጠፋችበትን ዳገት ያየነው እኛ ነን፤ በቅጡ ያልነገርናቸውም እኛው ነን።

ስለ እሳቱ

እናቴ ይህን ካልጻፍኩ አትለቀኝም። ሞተር እየዞረ ካርቡሬተር ላይ ቤንዚን ማፍሰስ በየመንገዱ የምናየው ነገር ቢሆንም እሳቱ የሚወጣው በዚያው አፍ ነው። ኮፈን ሲከፈት ልጆች ከመኪናው ርቀው፣ ከመንገዱ ውጪ ይቁሙ። የእሳት ማጥፊያው ከወንበር ስር ይሁን፣ ሳይታይ የቀረበት ዓመት ካለም ይታይ።

ቤንዚን በሃይላንድ አይቀመጥ። ለልጅ ሃይላንድ ውሃ ነው። በቱቦ በአፍ መሳብም እንዲሁ ይቅር፤ ጥቂት ጠብታ ወደ ሳንባ ከገባ ከባድ የሳንባ ጉዳት ያመጣል። ልጅ ቤንዚን ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚገባው። ወተት አጠጡት የሚል ምክርም ሳይሰሙ በፍጥነት ሐኪም ቤት ይውሰዱት።

ደላላው ሁለት ጊዜ ደውሎ ነበር። አባቴ «ባለቤቷ ሐሳቡን ቀየረ» ብሎ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ መለሰለት። እናቴ ለማመን አንድ ወር ፈጀባት፤ በሚቀጥለው እሁድ አገልግሉን ይዛ ራሷ ከፊት ተቀመጠች፣ ቁስቋም ስንደርስ ግን እጇ የበሩን እጀታ ጨብጦ ነበር። አባቴ አሁን ማደያ ላይ ክዳኑን ራሱ ከፍቶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ካዳመጠ በኋላ ነው ቀጂው እንዲቀዳ የሚፈቅደው። ጤነኛው አሮጌ ፓምፕ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ስር አለ። እንዳይጣል ተብሏል።